በጎንደር የቁርባን ጋብቻ ወይስ የማዘጋጃ ቤት?
ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ ጋብቻ ላይ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ።

ወግ አጥባቂው ኦርቶዶክሳዊ ጋብቻን ምሥጢር እንጂ ውል አይለውም። ስለዚህ ከንስሐ አባቱ ጋር ቀኖናውን ጨርሶ በደብሩ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ተክሊል (የአክሊል ሥርዓቱ) በድንግልና ለቆዩ ነው፤ ለሌሎች ጸሎተ መዓስባን የሚባል ጸሎት አለ። ችግሩ ወረቀቱ ነው፦ ሕጉ የሃይማኖት ጋብቻን ቢቀበልም፣ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ ውርስ ሲነሳ ምስክር ፍለጋ ይጀመራል።

የማዘጋጃ ቤቱ ፈጣን ነው፦ 18 ዓመት የሞላቸው ሙሽሮች፣ መታወቂያ፣ ከየወገኑ 2 ምስክር። ቆራቢ ግን አያደርግም። ልዩነቱ የሚከረው ፍቺ ላይ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ በስምምነት መፋታትን ይፈቅዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ከዝሙት በቀር በቀላሉ አትፈታም። እኛ ቁርባኑን አስቀድሞ፣ በዚያው ሳምንት መዝገብ ቤት መሄድን እንመርጣለን።