ያረጀ ሞዴል ባቡር «ዲጂታል እናደርግላችኋለን» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሞዴል ባቡር የምትሰበስቡ ወገኖች፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ነገር ሳታነቡ አትለፉ። «የድሮ ባቡራችሁን አምጡ፣ ዲጂታል አድርገን፣ መብራት ገጥመን እንመልሳለን» የሚል የጥቅል አገልግሎት አለ። ሁሉም ሠሪ መጥፎ ነው አልልም። ግን እኔ 140 ዶላር ከፍዬ የተቀበልኩትን ሥራ ሌላ ሰው ከፍሎ እንዲቀበል አልፈልግም። የሱቁን ስም አልጠራም። ማወቅ ያለባችሁ አሠራሩን ነው።

ባቡሩ አተርን የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ለአሥርት ዓመታት ሲሠራው የነበረው፣ ሰብሳቢዎች «ሰማያዊ ሳጥን» የምንለው ነው። መጠኑ ኤችኦ የሚባለው ነው፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ። ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው የሰጡኝ። ከባድ የብረት ሻሲ ያለው፣ ጠንካራ፣ ፉርጎ ደርድረው ቢያስጎትቱት የማይታክት ባቡር ነው። ለሱቁ ስሰጥ በደንብ ይሄድ ነበር፤ ይህን ልብ በሉ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ስለ አሠራሩ ላውራ። በድሮው ዘዴ ፍጥነቱን የምንቆጣጠረው ሐዲዱ ላይ የምንለቀውን ቮልት ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። በዲጂታሉ ግን ሐዲዱ ላይ ባቡሩ ቆሞም ቢሆን ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፣ ለኤችኦ 14 እና 15 ቮልት ገደማ። ትእዛዙን ተቀብሎ ለሞተሩና ለመብራቱ የሚያከፋፍለው ባቡሩ ውስጥ የሚገጠመው ዲኮደር ነው። ስለዚህ ሞተሩ በዲኮደሩ በኩል ካልሆነ በቀር ከየትም ኃይል ማግኘት የለበትም።

ሰማያዊ ሳጥን ላይ ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። የብረት ሻሲው ራሱ እንደ ሽቦ ነው የሚያገለግለው። ከአንዱ ወገን ጎማዎች የሚመጣው ኃይል በሻሲው ያልፋል፣ ከሞተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ክሊፕ ደግሞ ሻሲው ላይ ተጭና ትቀመጣለች። ያ ንክኪ መቋረጥ አለበት። ክሊፗ ትወጣለች፣ ሽቦ ይበየድላታል፣ ከሞተሩ ሥር ሙቀት የሚችል ካፕቶን የሚባለው ቴፕ ይነጠፋል። ይህ ሳይሆን ኃይል ከተለቀቀ ዲኮደሩ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ለሠሪው የምትከፍሉት ብር በአብዛኛው ለዚህች ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የእኔን የሠራው ሰውዬ ምን አደረገ? ክሊፗን ሳያወጣ ከሥሯ ተራ ጥቁር ናስትሮ ለጥፎባታል። በቃ። ባቡሩ መጀመሪያ ላይ ሄደ፣ ሱቁ ውስጥም በደንብ ዞረ። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን የናስትሮው ማጣበቂያ ቀለጠ፣ ናስትሮው ተንሸራተተ፣ ክሊፗ ሻሲውን ነካች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዲኮደሩ እዚያው አለቀለት።

መብራቱ ደግሞ ከዚያም በፊት ነበር የጠፋው። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ነው የሚፈልገው። 14 ቮልት ያለ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ከለቀቃችሁበት ዕድሜ የለውም። አብዛኛው ሰው 1,000 ኦም ሬዚስተር ያስገባለታል፣ ዋጋው ሳንቲም ነው። የእኔ ባቡር ላይ የፊተኛው ኤልኢዲ ሬዚስተር የሚባል ነገር የለውም። የኋለኛው አለው! ለምን አንዱን እንደተወው እስካሁን አይገባኝም። የድሮውን አምፖል እንዳለ የሚተዉም አሉ፣ እሱም አደጋ ነው። ቀድሞ ባቡሩ ሲቆም ይጠፋ የነበረ አምፖል በዲጂታል ሙሉ ቮልት እየተቀበለ ቆሞም ይነድዳል፣ ከቅርፊቱ ጋር ከተጠጋ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን አይደለም። የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ብሔራዊ ማኅበር (እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው) ያወጣው የቀለም ደንብ አለ። ቀይና ጥቁር ከሐዲዱ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ፣ ነጭ የፊት መብራት፣ ቢጫ የኋላ መብራት፣ ሰማያዊ ደግሞ የመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። ሁሉም ጥቁር ሲሆን ነገ የሚጠግን ሰው የቱ የት እንደሚሄድ ማወቅ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ። ሲያስረክቡኝ ከባቡሩ ሥር «ከተከፈተ ዋስትና የለውም» የሚል ስቲከር ለጥፈው ነበር። የዚህ ባቡር ቅርፊት በብሎን እንኳ የታሰረ አይደለም፤ ጎን ጎኑን ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል። ስለዚህ ካልከፈትክ የተበላሸውን አታይም፣ ከከፈትክ ዋስትናህ ውሃ በላው። ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው መልሳቸው «ራስህ ነክተኸዋል» ሆነ። ብሬ ይመለስ ስላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የዲኮደሩን አድራሻ፣ ማለት መቆጣጠሪያው ባቡሩን የሚጠራበትን ቁጥር፣ ለመቀየር ብቻ ለብቻው 15 ዶላር እንዳስከፈሉኝም አይቼዋለሁ። አዲስ ዲኮደር ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 3 ነው፣ መቀየር በእጅ መቆጣጠሪያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሒሳቡንም እዩት። ድምፅ የሌለው ቀላል ዲኮደር ከ25 እስከ 40 ዶላር ባለው ይገኛል። ያገለገለ ሰማያዊ ሳጥን ራሱ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ 140 ዶላር የምትከፍሉት ለእጅ ሙያ ነው፣ ሙያው ከሌለ የገዛችሁት ነገር የለም።

ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ቃሉን በደንብ እዩ። «ዲጂታል ሬዲ» ማለት ዲኮደር አለው ማለት አይደለም፤ መሰኪያ አለው ማለት ብቻ ነው። ሰማያዊ ሳጥን ከፋብሪካው ያ መሰኪያም የለውም። ሬዲ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ መሰኪያውን ማን እንደገጠመው ጠይቁት።

ሥራ ከማዘዛችሁ በፊት ሞተሩ ምን ያህል አምፔር እንደሚስብ ለክቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። 12 ቮልት ሰጥቶ ጎማውን ለቅጽበት በእጁ ይይዛል፣ ቆጣሪውን ያነባል። የተለመደ የኤችኦ ዲኮደር የሚችለው ወደ 1 አምፔር ነው፣ የድሮ ሞተር ደግሞ ሲቆሽሽ ከዚያ ያልፋል። ሳይለካ ዲኮደር የሚመርጥ ሰው ጋ አትቆዩ።

ስትረከቡ ቅርፊቱን እሱ ራሱ ፊታችሁ ይክፈተው። በቴስተር የሞተሩን ሁለት ጫፎች ከሻሲው ጋር፣ ከዚያም ከሁለቱም ወገን ጎማዎች ጋር ይንካ። ጢጥ ካለ አትረከቡ። ቀጥሎ ፕሮግራም ማድረጊያው ሐዲድ ላይ አስቀምጦ አድራሻውን ያንብብላችሁ። እዚያ የሚለቀቀው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ስህተት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ በአብዛኛው ይተርፋል። አላነብ ካለ ምክንያቱን ሳያሳይ ቀሪውን ብር አትስጡት። ከዚያ እስኪሞቅ ይንዳው፣ አንድ ዙር ብቻ አይበቃም፤ የእኔን ያታለለኝ ያ አንድ ዙር ነው።

ክፍያውን በክሬዲት ካርድ አድርጉት። ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ወይም በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ብሩን ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። በካርድ ከሆነ ግን የተስማማችሁበት ሥራ እንዳልተሠራ ለባንኩ አመልክታችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ሒሳቡ የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፣ ስለዚህ «እናስተካክልልሃለን፣ ነገ ና» እያሉ ቀኑን እንዳያስበሉባችሁ። እኔ አመልክቻለሁ። የናስትሮውን፣ ሬዚስተር የሌለውን መብራትና የጥቁሮቹን ሽቦዎች ፎቶ ከደረሰኙ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ የተቃጠለውን ዲኮደር አትጣሉት፣ ማስረጃችሁ እሱ ነው።