የስኩዊድ ጌም መጨረሻ፦ ከጊሁን ይልቅ አሮጊቷ

ሦስተኛውን ሲዝን ያላያችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ማን እንደሚሞት አንድ በአንድ ነው የምናገረው።

ስኩዊድ ጌም ባለዕዳዎች ለገንዘብ ሲሉ ሕይወታቸውን አስይዘው የልጆች ጨዋታ የሚጫወቱበት የኮሪያ ድራማ ነው። ኔትፍሊክስ የመጨረሻውን ሲዝን የለቀቀው እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2025 ነው። ስድስት ክፍል ብቻ ስለሆነ ከእማዬ ጋር ሆነን በሁለት ማታ ጨረስነው። ብዙ ሰው በመጨረሻው ተናዷል፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጊሁን ያን ሁሉ መከራ አልፎ መሞት አልነበረበትም እያለ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳችኝ አሮጊቷ ጉምጃ ናት።

ታሪኩን አስታውሱ። እናትና ልጅ ናቸው፤ የገቡትም በልጁ የቁማር ዕዳ ነው። በድብብቆሹ ጨዋታ ቀዮቹ ተጫዋቾች ቢላ ይዘው ሰማያዊዎቹን እያደኑ ይገድላሉ፣ ሰው ያልገደለ ቀይ ይረሸናል። ልጇ ዮንግሺክ ማንንም አልገደለም፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ ከፊቱ ደግሞ ገና የወለደችው ጁንሂ ጨቅላዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ቢላውን ሲያነሳ እናቱ በፀጉር መያዣ ሹሏ ከኋላ ወጋችው። ማንንም ስላልገደለ ወዲያው የጨዋታው ወታደሮች ተኩሰው ገደሉት። እማዬ ኮሪያኛ አይገባትም፣ ትርጉሙንም አታነብም፤ ግን የሴትዮዋን ፊት አይታ «ይቺስ ከእንግዲህ አትኖርም» አለች። እውነትም በዚያው ሌሊት ራሷን ሰቀለች። የባዳ ልጅ ለማዳን አንጀቷን የቆረጠች እናት ናት፣ ደግሞም ትክክል ሠራሁ ብላ መኖር አልቻለችም። መስዋዕትነትን እንዲህ ሳያሳምር ያሳየኝ ድራማ አላየሁም።

ስግብግብነቱን ደግሞ ዳይሬክተሩ ሁዋንግ ዶንግህዮክ በሒሳብ ነው የሠራው። አንድ ሰው በሞተ ቁጥር 100 ሚሊዮን ዎን ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፤ 456 ሰው፣ 45.6 ቢሊዮን ዎን። ከጨዋታ በኋላ ድምፅ ይሰጣሉ፣ አብላጫው በቃን ካለ የተጠራቀመውን ተካፍለው መውጣት ይችላሉ። ሰዎቹ ሲገቡ አውሬ አልነበሩም፣ ባለዕዳዎች ነበሩ። «አንዲት ጨዋታ ብቻ» እያሉ ነው እዚያ የደረሱት። ይሄ ነገር ከደሙ ሁሉ የበለጠ ያስፈራል፣ ምክንያቱም «አንዲት ብቻ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን።

የሕፃኗ አባት ሚዮንጊም እንደዚያው ነው። በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) የሰው ገንዘብ ያስበላ ዩቲዩበር ነው። በድብብቆሹ ጨዋታ መውጫውን አግኝታ እያለ ለጁንሂና ለጨቅላዋ ብላ የተመለሰችውን ተጫዋች ህዮንጁን የገደላት እሱ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ በየዙሩ ሰው ከማማ ላይ የሚጣልበት ነው፤ እዚያ ላይ ከጊሁን ጋር ተናንቆ ወደቀ። ግን ዙሩን የሚያስጀምረው ቁልፍ ገና አልተጫነም ነበር፣ ስለዚህ ሞቱ አልተቆጠረም። አንድ ሰው የግድ መውደቅ አለበት፤ የቀሩት ጊሁንና በሞተችው እናቷ ምትክ ተጫዋች የተደረገችው ጨቅላ ብቻ ናቸው። ጊሁን ሕፃኗን መሬት አስቀመጠ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ እንደ ፈረስ ውርርድ ለሚመለከቷቸው ሀብታሞች «እኛ ፈረሶች አይደለንም፣ ሰዎች ነን» አለ፣ ከዚያ «ሰው ማለት...» ብሎ ሳይጨርሰው ራሱን ወደ ኋላ ለቀቀ። ዓረፍተ ነገሩ እንዲሁ መቅረቱን ወድጄዋለሁ። ስንት ክፍል ሙሉ ስንሟገትበት የነበረውን ጥያቄ በአንድ ቃል ቢዘጋው ይረክስ ነበር።

ቅር ያለኝ የሎስ አንጀለሱ ትዕይንት ነው። የጨዋታው አለቃ የጊሁንን ልብስና ገንዘቡን ለጊሁን ሴት ልጅ አድርሶ ሲመለስ፣ አንዲት ሴት ጥግ ላይ አንዱን ሰውዬ ዳክጂ (ሰዎችን ወደ ጨዋታው ለመመልመል የሚጫወቱት የታጠፈ ወረቀት የመገልበጥ ጨዋታ) እያጫወተች በጥፊ ስትመታው ያያል። ስግብግብነት አገር የለውም ለማለት ይሆናል። ግን ገና ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ሰው ስለሚቀጥለው ድግስ እንደማውራት ነው። ልጅቷ በሩን ስትዘጋ ቢያበቃ ይሻል ነበር።

ከ10 ስምንት ሰጥቼዋለሁ። አንድ ፖሊስ ባሕር ላይ ጨዋታው የሚካሄድባትን ደሴት ሲፈልግ የሚውልባቸውን ክፍሎች ብታሳልፏቸውም ብዙ አይቀርባችሁም። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የአንደኛውን ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ድጋሚ እዩት። ለገንዘቡ ሲል ጓደኛውን አታልሎ ያስገደለው የጊሁን አብሮ አደግ ሳንግዉ፣ ቢላውን አንገቱ ላይ ሰክቶ ሲያበቃ፣ ጊሁንን የሚለምነው ስለ እናቱ ነው።