ፊልተር «የሚያጠፋ» ፈሳሽ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ

ላብ (ላቦራቶሪ) ያላችሁ፣ ውሃ የምትመረምሩ፣ በተለይ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኛ 14 ሺህ ብር ከፍለን ተምረናል።

እኛ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽዬ የውሃ መመርመሪያ ላብ አለችን። ከጉድጓድ፣ ከምንጭ፣ ከጨሞጋ ወንዝ ናሙና ይመጣልናል። ውሃው የያዘውን ደለል ለማወቅ በግላስ ፋይበር ፊልተር እናጠልለዋለን፣ 105 ዲግሪ ላይ እናደርቀዋለን፣ እንመዝነዋለን፣ አለቀ። ፊልተሯን ለማያውቃት ወረቀት ትመስላለች። ነጭ፣ ክብ፣ 47 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ስስ ነገር ናት። ግን ከቀጭን የመስታወት ክር የተሠራች ስለሆነች አትቃጠልም፣ አትበሰብስም። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲደፈርስ ደግሞ ፊልተር እንደ ጉድ ያልቃል። የተጠቀምንበትን በካርቶን እያጠራቀምን ሁለት ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ሻጩ የመጣው። ለባብሷል፣ አፉ ማር ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ቆሻሻ ታቅፋችሁ ለምን ትቀመጣላችሁ? ማታ ትነክሩታላችሁ፣ ጠዋት የለም። ፈሳሹን ወደ ቦይ መድፋት ነው፣ ለአካባቢም ተስማሚ ነው» አለኝ። ከራሱ ቦርሳ የፕላስቲክ ኩባያ አወጣ፣ ፈሳሹን ቀዳ፣ አንዲት ፊልተር ጣል አደረገበት። ቡና እየጠጣን ነበር፤ በረካው ሳይደርስ ፊልተሯ የለችም። አጨበጨብን ማለት ይቻላል። የራሱን ኩባያ ይዞ መምጣቱ፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን የኛን ቢከር፣ ማለትም የመስታወት መለኪያ ኩባያ፣ አለመንካቱ ያኔ ምንም አልከነከነኝም።

ጀሪካኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ወረቀት ተለጥፏል። የኬሚካል ስም የለም። ምንድነው ውስጡ ስለው «የካምፓኒው ሚስጥር ነው» አለኝ። እዚችው ላይ በሩን ማሳየት ነበረብኝ። አላሳየሁም። 20 ሊትሩን ገዛሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሃምሳ የሚሆን ፊልተር ቢከር ውስጥ ነክረን ወደ ቤት ሄድን። ጠዋት ስንመጣ እውነትም ፊልተሮቹ ሟሙተዋል፣ ከስር ነጭ ዝቃጭ ብቻ ቀርቷል። ግን ቢከሩስ? ፈሳሹ የደረሰበት ድረስ ጭጋግ የለበሰ ይመስል ነጥቷል። በጨርቅ ፈተግኩት፣ አይለቅም። በጣቴ ስዳብሰው፣ በጓንት ነው ተመስገን፣ ሻካራ ሆኗል። ሚሊ ሊትሩን የሚያሳዩት መስመሮች ግማሾቹ ጠፍተዋል። መስታወቱ ተበልቷል።

መስታወትን በተራ ሙቀት እንዲህ የሚበላ አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ። ወይም ውሃና አሲድ ሲነካው እሱኑ የሚሰጠው አሞኒየም ባይፍሎራይድ። ኮስቲክ ሶዳም መስታወት ይበላል፣ ግን ካልፈላ ቶሎ አይሆንለትም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በፕላስቲክ ዕቃ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው፣ ኩባያው ገባኝ። አሲዱ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው፣ መቼስ የውሃ ላብ ነንና የፍሎራይድ መለኪያ አለን። ፈሳሹን ሺህ ጊዜ አቅጥነን ለካነው። ማሽኑ ከልክ በላይ ነው አለ። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ወገኖቻችን ጥርሳቸው የሚበልዘው የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው። እኛ ከዚህ ችግር የተረፍነው ሰዎች በገዛ ብራችን ልንገዛው!

የባሰው ግን ማታ መጣ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ 4 ሰዓት ላይ ደወለ። ጣቱ ጫፍ ላይ ይጠዘጥዘዋል፣ ሲያዩት ግን ቁስል የለውም፣ ትንሽ ብቻ ቀላ ብሏል። ጓንቱ ቀዳዳ ነበረው ለካ። የዚህ አሲድ ክፋቱ ይሄ ነው፣ ቀጠን ሲል ወዲያው አያቃጥልም፣ ሰዓታት ቆይቶ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው የሚነሳው። ቆዳውን አልፎ ይገባና በሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዘዋል። ብዙ ከነካ ልብ ድረስ ያውካል። ሐኪሙ «ምን ኬሚካል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ስም ያለው ወረቀት በእጃችን የለም። ጠዋት ያየነው ቢከር ባይኖር ኖሮ ምን ብለን እንመልስ ነበር? የዚህ አሲድ ማርከሻ የሆነው ካልሲየም ግሉኮኔት ተደርጎለት አሁን ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን። ከነካችሁ ግን ሕመም አልጀመረኝም ብላችሁ አትቀመጡ። ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ የአሲዱን ስም አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ።

አሁን ስሌቱን እዩልኝ። አንዷ ፊልተር ብትመዘን 0.1 ግራም ገደማ ናት። ሁለት ሺውም አንድ ላይ ቢመዘን ሩብ ኪሎ ቡና አያህልም! አንድ ግራም ሲሊካ፣ ማለትም የመስታወት ዋናውን ነገር፣ ለማሟሟት ደግሞ ሁለት ግራም ያህል ንጹህ አሲድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በኪስ ፌስታል የምትያዝ ቆሻሻን 20 ሊትር መርዝ አድርጋችሁ ትቀመጣላችሁ ማለት ነው። ቢሟሟም ፍሎራይዱ የትም አይሄድም፣ ፈሳሹ ውስጥ ነው ያለው። በፊልተሩ ላይ እንደ ሜርኩሪ ያለ መርዛማ ከባድ ብረት ከነበረም እዚያው ነው፣ እንዲያውም ከደረቅነት ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ ለመሄድ ተመችቶታል። ሰውዬው «ወደ ቦይ» ያለው ቦይ ደግሞ የት እንደሚወርድ ለማርቆስ ሰው አይነገርም። ከጨሞጋ ወደ ዓባይ ነው።

መስታወቱ ራሱ እኮ ችግር አልነበረም። ደርቆ ሲበን ያሳክካል፣ መተንፈስም ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ ትንሽ ውሃ ረጨት አድርጎ ወፈር ያለ ፌስታል ውስጥ አስሮ መጣል ነው። የወንዝ ደለል ብቻ ከያዘ ከዚህ በላይ አይፈልግም። ፀረ ተባይ ወይም ሜርኩሪ የነካው ከሆነ ለብቻው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት፣ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይያዛል። ለዚህ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። የትም ቦታ ግን «አሟሙታችሁ ድፉት» አይልም።

የገዛችሁ ካላችሁ አትድፉት፣ ወደ ጠርሙስም አትገልብጡት፣ በራሳችሁ ለማርከስም አትሞክሩ። እኛን የረዳን ኬሚስትሪ የሚያስተምር ወዳጃችን ነው፣ ለአሲዳማ አፈር ገበሬው የሚጠቀምበትን ኖራ አምጥቶ፣ ሜዳ ላይ፣ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶበት። የረጋውን ዝቃጭ አሁንም በበርሜል ይዘነዋል።

ለሻጩ ስደውል መጀመሪያ «እንነጋገራለን» አለ፣ ከዚያ ስልኩን አያነሳም። ደረሰኙን አውጥቼ ሳየው «የጽዳት ዕቃ» ነው የሚለው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፣ በሱ ይዤ አቤት ብያለሁ። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የኬሚካሉን ስምና ሴፍቲ ዳታ ሺቱን፣ ማለትም ምንነቱና አደጋው የተጻፈበትን ወረቀት፣ ጠይቁ። ሚስጥር ነው ካለ ቡናችሁን አትጋብዙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እስካሁን የሚያባንነኝ እሱ ነው። ጥበቃችን፣ አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን አይተው «ለውሃ መቅጃ ትሆነኛለች» ብለው ለምነውኝ ነበር። ቢጫ ጀሪካን እኛ አገር ተጥሎ አያውቅም፣ ዘይት ካለቀበት ውሃ፣ ውሃ ካለቀበት ጠላ ነው። እሺ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ ከዝቃጩ በርሜል አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፣ ለአያም ከገበያ አዲስ ገዝቼላቸዋለሁ።