ስምንት ወር ከአንድ የመኝታ ከረጢት ጋር፦ ከሱባ እስከ ባሌ

በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ የምንለውን የመኝታ ከረጢቴን ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባሉት ስምንት ወራት ውስጥ ለ17 ሌሊቶች ተኝቼበታለሁ። አብዛኞቹን ሌሊቶች ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜና እሑድን እየጠበቅን በመናገሻ ሱባ ደንና በወንጪ ያሳለፍናቸው ሲሆን፣ በጥር ወር ደግሞ ሰኞን በፈቃድ ጨምረን ወደ ባሌ ተራሮች ሄደናል። ስለ ዕቃው ለመጻፍ ይህን ያህል የዘገየሁት በሱባ ካሳለፍኳቸው የመጀመሪያ ሁለት ሌሊቶች በመነሣት የሰጠሁት ፍርድ ባሌ ላይ ስላልጸና ነው።

ከረጢቱ ከትከሻ ሰፍቶ ወደ እግር እየጠበበ የሚሄድና የራስ መሸፈኛ ያለው ዓይነት ሲሆን፣ ክብደቱ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ነው። የተሞላው በላባ ሳይሆን በፖሊስተር ነው። ላባ ለተመሳሳይ ሙቀት ቀለል ያለና ታጥፎ የሚያንስ እንደሆነ ባውቅም፣ ሲረጥብ ስለሚሟሽሽና ሙቀት መያዙን ስለሚያቆም፣ ጠዋት ጠዋት ድንኳኑ ከውስጥ በሚያልብበት በእኛ ደጋ ፖሊስተሩን መርጫለሁ። በዚህ ምርጫዬ እስካሁን አልተጸጸትኩም፤ በመስከረም መጨረሻ ወንጪ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ወርዶ የእግሬ ጫፍ በኩል ያለው ክፍል ሲረጥብ እንኳ እስኪነጋ ድረስ ብርዱ አላስነሣኝም።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት፣ በምልክቱ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች ነው። የእኔ ከረጢት ላይ በትልቁ የታተመው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲሆን፣ በውስጠኛው ጨርቅ ላይ በተሰፋችው ትንሽ ወረቀት ግን ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የምቾት ልክ 1 ዲግሪ፣ የመጨረሻ ልክ ከዜሮ በታች 5፣ የአደጋ ልክ ደግሞ ከዜሮ በታች 22። በመለኪያው ደንብ መሠረት የምቾቱ ቁጥር አንዲት ሴት ዘና ብላ የምትተኛበትን፣ የመጨረሻው ልክ አንድ ወንድ እጅና እግሩን ሰብስቦ ሳይበርደው ሊያድር የሚችልበትን ሙቀት የሚያመለክት ሲሆን፣ ሦስተኛው ሕይወትን ከማትረፍ በቀር ስለ እንቅልፍ የሚናገረው ነገር የለም። ከመካከላችን አንዷ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ያንኑ ከረጢት ገዝታ ነበር። በሱባ ሁለታችንም ደህና አደርን። ባሌ ላይ ግን እኔ በመጠኑ ስተኛ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ጠዋት እቃዋ ጉድለት እንዳለበት ጠርጥረን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተን ብናነጻጽራቸው ምንም ልዩነት አጣንባቸው። የምቾቱን ቁጥር ቀድመን በሚገባ አንብበን ቢሆን ኖሮ ለዚያ ሌሊት ሌላ ዝግጅት እናደርግላት ነበር፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያ ሌሊት ከዲንሾ በእግር ተጉዘን በወብ ሸለቆ፣ ወደ 3500 ሜትር ከፍታ ላይ ድንኳን የተከልንበት ነው። ከፍታ በየ1000 ሜትሩ አየሩን በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት ሰባት ዲግሪ ያህል እንደሚሆን አስቀድመን አስልተን ነበር። ያላሰብነው ነገር ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ ሸለቆው ወለል እንደሚወርድ ነው። እኛም ሜዳው አምሮን ድንኳናችንን የተከልነው በትክክል እዚያው ወለሉ ላይ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የያዝነው ትንሽ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 3 ያሳይ ነበር፤ ሲነጋ ሣሩ አመዳይ ለብሶ፣ የጫማችን ማሰሪያ ከብርዱ የተነሣ ደርቆ አገኘነው። ፈረሶቻችንን የሚመራው የአካባቢው ሰው ግን ከእኛ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ ከድንጋይ ሥር ተጠግቶ ነበር ያደረው።

ለእኔ እንኳ ብርዱ የገባው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። የሰው ክብደት ከጀርባ ሥር ያለውን ፖሊስተር ስለሚጨፈልቀው አየር የሚይዝ ነገር አይቀርም፤ መሬቱም ሙቀትን ሳያቋርጥ ይስባል። ከረጢቶቹ በቤተ ሙከራ ሲለኩ ልብስ በለበሰና እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ አሻንጉሊት ላይ፣ ከሥሩም ምንጣፍ ተነጥፎ ስለሆነ፣ በምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር ምንጣፉንም አብሮ የሚቆጥር ነው። እኔ ግን ይዤ የሄድኩት አንድ ጣት እንኳ የማይሞላ ስስ ስፖንጅ ነበር። አባቶቻችን ከሥር ጉዝጓዝ አስጎዝጉዘው ቁርበት የሚያነጥፉበት ምክንያት ያኔ ገባኝ፤ በፓርክ ክልል ሣር ማጨድ ስለማይገባ ግን ምንጣፉን ከቤት መያዝ ግድ ነው። በየካቲት ወፍራም ስፖንጅ ከስሱ ጋር ደርቤ ወንጪ ላይ ስተኛ፣ ያው ከረጢት ሌላ ዕቃ የሆነ ያህል ሞቀኝ።

ጋቢም ሞክሬያለሁ። በሱባ፣ በእነዚያ ግዙፍ ጽዶች ሥር፣ ከረጢቱ ውስጥ ተጠቅልሎ መተኛት እጅግ ደስ ይላል። በባሌው ሌሊት ግን ፊቴን ከረጢቱ ውስጥ ቀብሬ ስተነፍስ ጋቢው እርጥበቱን ጠጥቶ ንጋት ላይ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ትንፋሽ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ አፍንጫን በሻሽ ወይም በነጠላ መሸፈን ይሻላል። የፈላ ውሃ በያዘና በደንብ በተከደነ ጠርሙስ እግርን ማሞቅ ደግሞ ከጋቢው ይልቅ ጠቅሞኛል።

ስለ ጥንካሬው ቅሬታዬ ጥቂት ነው። ዚፑ ከጉልበት በታች የውስጡን ጨርቅ እየነከሰ ይይዛል፤ በጨለማ ሲሆን ያናድዳል፣ በኃይል ከተጎተተ ደግሞ ጨርቁን ይቀድዳል። ወንጪ ላይ ከእሳት የተፈናጠረ ፍም በላይኛው ጨርቅ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አበጅቶ ነበር፤ በማጣበቂያ ጨርቅ ደፈንኩት፣ እስካሁን ይዟል። ከዚያ ወዲህ በእሳት ዳር ሆኜ አልለብሰውም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ መሟሸሹ ነው። አዲስ ሳለ ዘርግቼው ደረት አካባቢ በማስመሪያ ስለካው ውፍረቱ 12 ሴንቲሜትር ነበር፤ በሚያዝያ 10 ሆኗል። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከጉዞ ጉዞ ድረስ በጠባቧ መጠቅለያው ውስጥ ጨምቄ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ይውላል። በመጋቢት በገንዳ ውስጥ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ካጠብኩትና ሳልጨምቅ በጥላ ካደረቅሁት በኋላም ትንሽ ነፍስ ዘርቷል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ግን ሁለት ቀን ፈጅቷል።

ለሱባና ለወንጪ፣ ወፍራም ምንጣፍ እስካለ ድረስ፣ ይህን ዓይነት ከረጢት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከ3500 ሜትር በላይ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ለማደር ላሰበ፣ በተለይም ለሴቶች፣ የምቾት ልኩ ከዜሮ በታች 5 የሆነውን መፈለግ ይሻላል። ጓደኛችን የራሷን ለታናሽ ወንድሟ ሰጥታ እንዲህ ያለውን ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመች ነው፤ የሚቀጥለውን የባሌ ጉዞ ቀን የምንቆርጠውም እሷ ገዝታ ስትጨርስ ነው።