ዓይኔን ያስወነጀለኝ የኋላ ማነጣጠሪያ፦ የአየር ጠመንጃዬ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የአየር ጠመንጃ ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖኛል። አፈሙዙ ወደ ታች ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ሞላ የሚወጠር፣ 4.5 ሚሊሜትር የእርሳስ ጥይት የሚተኩስ ሲሆን የምጠቀምበትም በወረቀት ዒላማ ላይ ለመለማመድ ብቻ ነው። ስለ እንጨቱ ቅርጽና ስለ ቃታው ልስላሴ ጥቂት ደግ ነገር ማለት በቻልኩ ነበር፤ ነገር ግን ከስምንቱ ወራት አራቱን የበላብኝ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ማለትም ለዓይን ቅርብ የሆነው የኋላ ማነጣጠሪያ ስለሆነ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በ10 ሜትር ርቀት አምስት ጥይት ስተኩስ አምስቱንም ቀዳዳዎች በአውራ ጣቴ እሸፍናቸው ነበር። በሦስተኛው ወር ነገሩ ተበላሸ። ሦስቱ ጥይቶች እንደ ወትሮው መሐል ሲገቡ ሁለቱ ደግሞ ወደ ግራ ከፍ ብለው ለብቻቸው ይሰባሰባሉ፤ በማግስቱ ሁለቱ መሐል፣ ሦስቱ ግራ ይሆናሉ። በመጀመሪያ ትንፋሼን፣ ቀጥሎ ጣቴን፣ በመጨረሻም ዓይኔን ጠረጠርኩ። ለምርመራ ሄጄ ሐኪሙ ዓይኔ ምንም እንዳልሆነ ሲነግረኝ ከመደሰት ይልቅ አፈርኩ ማለት ይቀለኛል፤ ምክንያቱም የቀረው ተጠርጣሪ ችሎታዬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሻጩን ሳማክረው ሦስት መልስ ሰጠኝ፤ እስከ ዛሬም ብቻዬን ስሆን ከሦስቱም ጋር እከራከራለሁ። የመጀመሪያው «ጠመንጃው ገና አልተገራም፤ 500 ጥይት ይተኩስና እየው» የሚል ነበር። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ከ1000 በላይ ተኩሼበታለሁ፤ ደግሞስ የሚገራ ነገር ከመጥፎ ወደ ጥሩ ይሄዳል እንጂ መልካም ሆኖ ጀምሮ እንዴት ይበላሻል? ሁለተኛው «አያያዝህ ነው» የሚለው ሲሆን በዚህኛው ላይ ግማሽ እውነት እንዳለው አልክድም። በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ከዚያ ፒስተኑ (ሞላው ገፍቶት አየሩን የሚያምቀው ክፍል) የጉዞው ጫፍ ላይ ሲደርስ መልሶ ወደ ፊት ይነጥራል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ስለሆነ አጥብቆ የያዘው ሰው በየጊዜው በተለየ ኃይል እየጨበጠ ጥይቱን ያስታል። መዳፍን ዘርግቶ ጠመንጃውን ላዩ ላይ ዝም ብሎ ማሳረፍ ይሻላል። እንዲያ አደረግሁ፤ ቀዳዳዎቹ ጠበብ አሉ፤ ሁለቱ ሰፈሮች ግን እዚያው ናቸው።

ሦስተኛው መልስ ነው ያናደደኝ፦ «የማነጣጠሪያ መነጽር ግዛና ተገላገል።» በዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ የፊቱም የኋላውም ማነጣጠሪያ የተቀመጡት አፈሙዙ ላይ ነው፤ አፈሙዙ መታጠፊያው ላይ ትንሽ ቢያዘነብል ሁለቱም አብረውት ያዘነብላሉና ዒላማው ያን ያህል አይጎዳም። መነጽሩ ግን የሚታሰረው ከኋላ፣ ሞላው ባለበት አካል ላይ ስለሆነ የመታጠፊያው ልል መሆን በሙሉ እሱ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ያ የወዲያና የወዲህ ርግጫ ለእሱ ያልተሠራን መነጽር ውስጡን ይሰባብረዋል። የታመመውን ሳይመረምሩ ሌላ ዕቃ መሸጥ ከምክር አይቆጠርም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ነው ያደረግሁት። ሦስት ዓይነት ጥይት ቀያየርኩ። አፈሙዙን በጨርቅ ወለወልኩ። እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በእርግጥም ግማሽ ዙር ያህል ላልተው ስላገኘኋቸው አጠበቅኳቸው። አፈሙዙ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አስቀምጬ ተኮስኩ፤ አየር የሚያፈስ ቢሆን ወረቀቱ ይነሳ ነበር፤ አልተነሳም። አሁን ሳስበው ዒላማው ራሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መልሱን እየነገረኝ ነበር። ጥይት መጥፎ ሲሆን ወይም አየር ሲያፈስ ቀዳዳዎቹ እንደ ተበተነ እህል ወዲያና ወዲህ ይረጫሉ። ቀዳዳዎቹ በንጽሕና ሁለት ቦታ ተለይተው ከተሰባሰቡ ግን ጠመንጃው ላይ ሁለት ቦታ እየተቀያየረ የሚቀመጥ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር የተገኘው አንድ ምሽት አቧራ ስጠርግ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ አፈሙዙን አጥፌ ጨርቁን በኋላው ማነጣጠሪያ ላይ ሳሳልፍ በጣቴ ሥር አንዲት ስስ «ቀጭ» ተሰማችኝ። ወደ ግራ ገፋሁት፤ ቀጭ። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ ቀጭ። ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ለጆሮም ለዓይንም የሚከብድ አይደለም። ይሁን እንጂ በእኔ ጠመንጃ ላይ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 45 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከኋላ የተንሸራተተ ግማሽ ሚሊሜትር በ10 ሜትር ላይ 11 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ25 ሜትር ደግሞ ወደ 28 ይጠጋል። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ባለ 10 ነጥቧ ክብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር እንደሆነ ያወቀ ሰው፣ ተወዳዳሪዎች ለምን ከብረት ለተሠራ የኋላ ማነጣጠሪያ ያን ሁሉ ገንዘብ እንደሚያወጡ ይገባዋል። እኔ ለውድድር አልገዛሁትም፤ ቢሆንም ማነጣጠሪያው እንዲወዛወዝም አልገዛሁትም።

ወደ ጎን ያለው ስሕተት ተገኘ፤ ወደ ላይ የሚሄደው ግን ገና ነበር። ከፍታውን በምታስተካክለው ትንሽ መዘውር ላይና ከሥሯ ባለው ፕላስቲክ ላይ በነጭ የጥፍር ቀለም አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ሳብኩ። ሃያ ጥይት ተኩሼ ስመለከት የመዘውሯ መስመር ከታችኛው መስመር በሁለት ጥርስ ርቃለች። ማንም ሳይነካት፣ ከርግጫው ብዛት የተነሳ በራሷ ስትዞር ኖራለች። ለእያንዳንዷ ተኩስ እስትንፋሴን ስቆጥር፣ እሷ ለካ ወደ ላይ እየወጣች ነው።

ማነጣጠሪያውን በካቻቪቴ ፈትቼ ሳወጣው ምክንያቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። የማነጣጠሪያውን ቅጠል (የሚታለምበት ስንጥቅ ያለበትን ዝርግ ክፍል) ከሥሩ ወደ ላይ ገፍቶ መዘውሯን አጥብቆ መያዝ የነበረበት ዝርግ ሞላ ጉብጠቱን አጥቶ እንደ ወረቀት ተለጥጧል። ሞላውን በፒንሳ ቀስ ብዬ መልሼ አጎበጥኩት። በጎን ለነበረው ክፍተት ከባዶ ቆርቆሮ ላይ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቆርጬ አስገባሁ። ማነጣጠሪያውን ከአፈሙዙ ጋር በሚያስሩት ብሎኖች ላይ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ ቀባሁ፤ መዘውሯን ግን አልነካኋትም፤ እሷ ከተጣበቀች ዳግመኛ አትስተካከልም። ከዚያ ወዲህ ከፍታውን ስቀይር ሁልጊዜ ከሚፈለገው በታች አውርጄ ወደ ላይ በማምጣት እጨርሳለሁ፤ እንዲህ ሲሆን በጥርሶቹ መካከል ያለው ልል ቦታ ወደ አንድ ወገን ይያዛል።

ማስተካከሉ ላይ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። የኋላው ማነጣጠሪያ የሚገፋው ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ነው፤ የፊቱ ግን በተቃራኒው። እኔ ይህን ገልብጬ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ከወረቀቱ ወጥተው ከኋላ ያቆምኩትን ሳንቃ አገኙ። ካቃናሁት በኋላ ግን አምስቱ ቀዳዳዎች ወደ አውራ ጣቴ ሥር ተመለሱ።

ስለዚህ ጠመንጃውን ስገዛ ተታለልኩ ወይ ለሚለኝ፣ በአፈሙዙ አልተታለልኩም እላለሁ። የምጸጸተው ሰውነቴን በሐሰት በመክሰስ ያባከንኳቸውን አራት ወራት ነው። አምራቹን ግን ይቅር አልልም፤ በማሸጊያው ላይ የሚያብለጨልጩ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣቦች ከሚለጥፍልን ይልቅ አንድ ደህና ሞላ ቢያስገባልን ምን ይጎድልበት ነበር? ሻጩ ምትክ ማነጣጠሪያ ሊሰጠኝ ፈቅዶ ተቀብያለሁ፤ ያው ፕላስቲክ፣ ያው ዝርግ ሞላ፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የጥፍር ቀለሙን መስመርም አልጠረግሁትም። ዛሬ ጠዋት ሃያ ተኩሼ አየሁት፤ ሁለቱ መስመሮች ገና ገጥመው ነው ያሉት።