በ1,800 ብር የገዛሁት የመኪና ስካነር፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ኅዳር መኪናዬ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀመረች። የ2003 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ባለ 1.8 ሊትር 1ዜድዜድ ሞተር፣ ከአሜሪካ የገባች። በብርድ ስትነሳ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) አይረጋም፣ በሦስት ካንዴላ የምትሠራ ይመስል ትርገፈገፋለች፣ አንዳንዴም ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ትጠፋለች። አሥር ደቂቃ ከተነዳች በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረ ትሆናለች። ጋራዥ የምትደርሰው ሞቃ ስለሆነ በሽታዋን ያየላት ሰው አልነበረም።

አራቱም ካንዴላ ተቀየሩ፣ ለውጥ የለም። ሶማሌ ተራ ወርጄ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና አንድ ገዛሁ። ነዳጅ የሚረጩት ኖዝሎችም ወርደው ታጠቡ። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ቫኪዩም ጌጅ፣ ማለትም የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚለካ መሣሪያ፣ ሰክቶ ካየ በኋላ “ኮምፕሬሽን የላትም፣ ሞተሩ መውረድ አለበት” አለኝ። በነዳጅ የሚሄድ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ያለችኝን መኪና ሞተር በግምት ማስፈታት አልፈለግሁም። በማግስቱ ይህን ስካነር ገዛሁ።

ዕቃው ኢኤልኤም 327 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የሚበልጥ፣ ከመሪው በታች ጉልበት አካባቢ ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ይሰካና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ዋናውን ቺፕ የሠራው የካናዳ ድርጅት ነው፤ ገበያችን ላይ በርካሽ የሚሸጠው ግን ቅጂው ነው። የእኔም ቅጂ ነው፣ የፋብሪካ ስም እንኳ የለበትም። ስልኬ አንድሮይድ ስለሆነ ቶርክ የሚባለውን መተግበሪያ ጫንኩ። አይፎን ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ ይህ የድሮው ብሉቱዝ ያለው ዓይነት ከአይፎን ጋር አይገናኝም። በዋይፋይ የሚሠራውን ወይም ለአይፎን እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበትን ፈልጉ።

መጀመሪያ ያወጣው የብልሽት ኮድ ፒ0171 ነበር። ትርጉሙ ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል፣ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ “ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር” አለኝ፤ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው። ኮዱ የሞተሩ ኮምፒውተር ያየውን ምልክት ይናገራል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ኦክስጅን ሴንሰሩ አየር በዝቷል ብሎ እውነቱን ሲመሰክር እሱኑ አውጥቶ መጣል ምን ይፈይዳል?

የዚህ ዕቃ ጥቅሙ ሞተሩ እየሠራ የሚያሳያቸው ቁጥሮች ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የነዳጅ ማስተካከያው፣ ማለትም ፊዩል ትሪም የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እያዳመጠ ነዳጅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሾርት ተርም በዚህች ቅጽበት የሚያደርገው ነው፤ ሎንግ ተርም ደግሞ ደጋግሞ አይቶ የለመደው። ቁጥሩ በመቶኛ ነው፤ ሁለቱን ደምራችሁ ዜሮ አካባቢ ካገኛችሁ ሰላም ነው። ከ10 በላይ ፕላስ ካነበባችሁ ከአንድ ቦታ ያልተቆጠረ አየር እየገባ ነው፣ ወይም ነዳጁ እያነሰ ነው።

ኮዱን ከማጥፋቴ በፊት ፍሪዝ ፍሬሙን፣ ማለትም ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ ያስቀረውን የዚያች ቅጽበት መረጃ፣ አየሁ። ኮዱ የተመዘገበው የሞተሩ ውሃ 42 ዲግሪ ላይ ሳለ፣ መኪናዋ ቆማ፣ በ720 ዙር ነበር። ብርድ ላይ፣ ሚኒሞ ላይ። ለእኔ ይህች መስመር ብቻዋን የዕቃውን ዋጋ መለሰች። ኮድ ስታጠፉ ይህ መረጃም፣ ኮምፒውተሩ የለመደው ማስተካከያም አብሮ ይጠፋልና አስቀድማችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት።

በነጋታው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብርዱ ሳይለቅ አስነሳኋት። ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቆ ሥራ እስኪጀምር አንድ ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ሚኒሞ ላይ ሁለቱ ትሪሞች ተደምረው ፕላስ 31 አሳዩ። ነዳጁን ረግጬ 2,500 ዙር ላይ ስይዛት ወደ ፕላስ 7 ወረዱ። እግሬን ሳነሳ ተመልሰው ወጡ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባው ድርሻው ትልቅ ይሆናል፤ ዙሩ ሲጨምር ያው ስንጥቅ ከብዙው አየር ውስጥ ይዋጣል። ፓምፑ ወይም የነዳጅ ማጣሪያው ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው ጭነት ሲበዛ ነበር የሚብሰው።

ስልኬን ይዤ ወደ ሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። “ጋሼ፣ መኪናዋን እዚሁ አሳድሬ ነገ ጠዋት በብርድ ይዩልኝ” አልኳቸው። “አምጣት ልጄ” አሉኝ። ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ የካርቡሬተር ማጽጃ በቀጭን ቱቦ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ መጋጠሚያ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። እኔ ቁጥሩን እየጠራሁ ነበር። ሁለተኛው ሲሊንደር ጋ ሲደርሱ ሾርት ተርሙ ከ16 ወደ ሁለት ወደቀ፣ ሞተሩም ለቅጽበት መንቀጥቀጡን ተወ። ቀና ብለው አዩኝና ሳይናገሩ ቁልፋቸውን አነሱ። በጋለ ማርሚታ አጠገብ ይህን ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ፈሳሹ በቀላሉ ይነዳል።

ማኒፎልዱ ሲወርድ የወጣችው፣ መጋጠሚያውን የምትደፍነው የላስቲክ ጓርኒሲዮን እጄ ላይ ናት አሁንም። ከ20 ዓመት በላይ ሙቀት ውስጥ ኖራ ጠፍጥፋ ደርቃለች፤ ጥፍሬን ብጫናት አትሰረጎድም። አዲሷ ስትጫን ትገባና ትመለሳለች። አሮጌዋ በብርድ ስትኮማተር ክፍተት ትተዋለች፣ ሞተሩ ሲሞቅ ተለጥጣ ትዘጋዋለች። ኅዳርን ሙሉ ያሰቃየኝ እሱ ነው። ከተቀየረች በኋላ ጠዋት ሚኒሞ ላይ ድምሩ ፕላስ 3 ሆነ።

ስለዚያ ቫኪዩም ጌጅም ልበል፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። የጥገና መጽሐፉ ሚኒሞ ላይ ጌጁ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳይ ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወደ ሰባት ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ሞተሬ አሁን ጤነኛ ሆኖ 13 ነው የሚያሳየው። 13 አይቶ ሞተር አውርዱ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከፍታውን አስታውሱት።

ሁለተኛው ጉዳይ ሚያዝያ ላይ መጣ። ሚኒሞ ላይ ሰላም፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ጉልበት የላትም፣ ትሪሙም እየወጣ ፕላስ 14 ደረሰ። የመጀመሪያው ግልባጭ መሆኑ ነው። የአየር መለኪያውን አወጣሁት፤ ሽቦው ላይ የሰፈራችን የግንባታ አቧራ ተለጥፎበታል። ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተመለሰ። የአየር ማጣሪያውንም ቀየርኩ። በማግስቱ ያንኑ ዳገት ስወጣ ከአምስት አላለፈም።

አሁን የማይወደድለት። ሶኬቱ መኪናው ተቆልፎም ኤሌክትሪክ አለው። ጥር ላይ ሰክቼው ለሁለት ሳምንት ክፍለ ሀገር ሄድኩና ስመለስ ባትሪው ሞቶ ጠበቀኝ፤ ተጠቅማችሁ ንቀሉት። በእኔ መኪና ላይ ንባቡ ዝግ ይላል፤ ስድስት ቁጥር በአንዴ ስትጠይቁት ሁሉም ይዘገያል፣ ሁለት ሦስት ብቻ ምረጡ። ኤቢኤስና ኤርባግ አያነብልኝም። በስድስተኛው ወር ቀፎው ስለላላ በቴፕ አስሬዋለሁ። የጎረቤቴ የጃፓን ገበያ ቪትዝ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልተገናኘም፤ ሶኬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ቋንቋው ይለያያል። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ሻጩ እመኪናችሁ ላይ ሰክቶ ሳያሳያችሁ አትክፈሉ።

የእኔ ዓይነት መኪና ለያዘና ቁጥሩን ለመከታተል ትዕግሥት ላለው ሰው ግን ደግሜ እገዛዋለሁ። ጋሼም አንድ አስገዝተውኛል፤ ስልካቸው ላይ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ትናንት በነሐሴው ዝናብ ጠዋት 11 ዲግሪ ላይ አስነሳኋት፤ ሎንግ ተርሙ ፕላስ 4 ነው፣ መሪውም አልተንቀጠቀጠም።