ሳህኑን ያዞረችው ልጅ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ዛሬም ካልጻፍኩ ግን ነውር ነው።

አባዬን ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ወንድሜና የጎረቤት ልጆች በወንበር ተሸክመው ያወርዱታል፤ ከዚያ ኮንትራት ታክሲ፣ ከዚያ ወረፋ። የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ የሲቲ ስካኑን ውጤት በፖስታ ሰጡን፤ ምን እንደሚል የነገረን ግን የለም። ሌላው ጋ "ዕድሜ ነው" ተባልን። አባዬ እኮ 61 ዓመቱ ነው! ሦስተኛው ቦታ መነጽር አዘዙለት። ለዚያ መነጽር የከፈልነው ብር እስካሁን ያንገበግበኛል።

መነጽሩ የታዘዘው አባዬ በግራው ያለ ነገር አይታየውም ብለን ስለተናገርን ነው። ደግፈን ስናስኬደው በግራ ትከሻው የበሩን መቃን ይገጫል። ጺሙን ሲላጭ ቀኝ ጉንጩን ብቻ ይላጭና "ጨረስኩ" ይላል። መጀመሪያ ቀን ሳቅን። በኋላ እማዬ ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ምግቡንም ግማሹን ይተዋል። ምግብ ዘጋው ብለን በግድ ልናጎርሰው እንታገላለን። በአንድ ትሪ ስንበላማ ጭራሽ አይታወቅም፤ ሁሉም ከፊቱ አይደል የሚበላው?

ልጅቷን ጎረቤት ጠቆመን። ፊዚዮቴራፒስት ናት፣ የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ የምታክም፤ ቤት ድረስ ትመጣለች። እማዬ "ዶክተር" ስትላት "ኧረ እማማ፣ ዶክተር አይደለሁም" ትላለች። የመጀመሪያ ቀን ፎቁን ወጥታ እያለከለከች ስትገባ አባዬ ለብቻው ምሳ ላይ ነበር። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆማ ታየው ጀመር። የሳህኑ ቀኝ በኩል ሙልጭ ብሏል። በግራ በኩል ያለው ሽሮ አልተነካም። አባዬ "ጠገብኩ፣ አንሱልኝ" አለ።

ጎንበስ አለችና ሳህኑን አዞረችው። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረገችም።

"አባባ፣ ይቺ ቀርታብዎታለች እኮ።"

አባዬ ሳህኑን አየ። "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" አለ። ሙሉውን በላው። እኔ እንባዬ መጣና ኮሪደር ላይ ወጣሁ።

ስመለስ ያንን ፖስታ ከፍታ እያነበበች ነበር። ከዚያ ሻርፗን አውልቃ በራሷ ጭንቅላት ላይ በጣቷ እያሳየች አስረዳችን። ግንባር ጋ ያለው የአንጎል ክፍል ያቅዳል፣ ጸባይን ይገታል፣ እጅና እግርን ያዛል። ከጆሮ አካባቢ ያለው ይሰማል፣ ያስታውሳል። ከማጅራት በላይ፣ ከኋላ ያለው ያያል። አናት ላይ ያለው ደግሞ የሚነካንን ነገርና በዙሪያችን ያለውን ቦታ ያውቃል። ፓሪየታል ምናምን የሚሉ ስሞችም ጠቅሳለች፤ እኔ የያዝኩት አናት የሚለውን ነው። "ዓይናቸው ደህና ነው። የኋላውም ደህና ነው" አለችና ቀኝ አናቷን ነካች። "የተጎዳው እዚህ ነው። ቀኙ አንጎል ግራውን ጎን ነው የሚጠብቀው። አሁን ለአባባ ግራ የሚባል ነገር የለም።" መነጽር ለዚህ ምን ያደርጋል?

አንድ ሌላም ነገር አለ። አባዬ ተሳድቦ የማያውቅ ሰው ነበር። ከታመመ ወዲህ ግን እህቴን እንግዳ ፊት ሰደባት። እሷም ተቀይማ ቀረች። ልጅቷ ደውላ የፊኒየስ ጌጅን ታሪክ ነገረቻት። በፈረንጆቹ 1848 አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲሠራ የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውዬው ተረፈ። ጓደኞቹ ግን "ይሄ ጌጅ አይደለም" አሉ፤ ግንባሩ ጋ ያለው አንጎል ተጎድቶ ጸባዩ ተለውጦ ነበር። "አባትሽ ጠልተውሽ አይደለም፣ ፍሬናቸው ነው የላላው" አለቻት። እህቴ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።

ሳህኑ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አሰረችልን። ሁላችንም በግራው እንቀመጣለን። ቡናው በግራው ይፈላል፤ ሲኒ ሲንኳኳ ፊቱን ያዞራል። ዋጋዋን ቀድማ ትናገራለች፣ አትጨምርም። ውሃ በጠፋ ቀን ጄሪካን ስናወጣ አንዱን ተቀብላን ወጥታለች። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ ያላችሁ፣ ቤታችሁ በስትሮክ የተኛ ሰው ካለ እባካችሁ እሷን ጥሯት። እባካችሁ። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ነግራኛለች፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት እሰጣችኋለሁ።

እጁ ገና ነው፣ አልዋሽም። ባለፈው እሁድ ግን አባዬ ቀዩን ክር ፈልጎ አገኘና ሳህኑን ራሱ አዞረው። "እናንተ ናችሁ የምትደብቁብኝ" አለን።